የጋለ ድንጋይ

ልጄ፣

ትናንት አሥር ደቂቃ ሙሉ ስለ ሰመራ ሙቀት ስታወራኝ ቆየህና መጨረሻ ላይ "አባዬ፣ እዚያ ጋ ያሳክከኛል፣ ያቃጥለኛል" ብለህ ቻው እንኳን ሳትል ስልኩን ዘጋህ። ደግ አደረግክ። መንገርህን ማለቴ ነው፣ መዝጋትህን አይደለም።

እኔ በአንተ ዕድሜ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። 1979 ዓ.ም. ነው፤ በአሰብ መስመር የከባድ መኪና ረዳት ነበርኩ። ብልቴ ላይ ቁስል ወጣ። አያመኝም። ጓደኞቼ "የጋለ ድንጋይ ላይ ሸንተህ ነው" አሉኝ። አመንኩ። በዚያ በረሃ ደግሞ ያልጋለ ድንጋይ የት ይገኛል? ከሱቅ ቴትራሳይክሊን ገዛሁ። ቀይና ቢጫዋን ፍሬ ለሁለት ከፍቼ ዱቄቷን ነሰነስኩበት። ቁስሉ ጠፋ፤ የዳንኩ መሰለኝ። ከሁለት ወር በኋላ መዳፌና ውስጥ እግሬ ላይ ሽፍታ ወጣ። ስመረመር ቂጥኝ ነው ተባልኩ። ለካ ቁስሉ ባይታከምም በራሱ ጊዜ ይጠፋል፤ በሽታው ግን ደም ውስጥ ይሰነብታል። በፔኒሲሊን መርፌ ዳንኩ። ሁለት ቀን ግን በደንብ መቀመጥ አልቻልኩም።

ያንተ ምናልባት ጭራሽ ሌላ ነው። በዚያ ሙቀት ጂንስ ለብሰህ ሳይት ላይ ስትውል ብሽሽትህ ላይ ጭርት ቢወጣ አይገርምም። በደንብ ያልተለቀለቀ ፓንት ላይ የቀረ ኦሞ ራሱ ቆዳ ያስቆጣል። በዴቶል መታጠብማ ጭራሽ ያባብሰዋል። ስትሸና የሚያቃጥልህ ከሆነ ወይም ፈሳሽ ካየህ ግን ጨብጥ ወይም ክላሚዲያ ሊሆን ይችላል። ይህን ሐኪም እንኳን በዓይኑ ብቻ አይለየውም፤ እኔና አንተ በስልክ ልንለየው ነው?

ስለዚህ ነገ ጤና ጣቢያ ሂድ። ፋርማሲ ቆመህ "የሚቀባ ነገር ስጡኝ" እንዳትል። ስቴሮይድ ያለበት ቅባት ማሳከኩን ያስታግስልህና ጭርቱን ያስፋፋዋል። ከመመርመርህ በፊት ቢያንስ አንድ ሰዓት ሳትሸና ቆይ፣ ናሙናው ጥሩ እንዲሆን። የቂጥኝና የኤችአይቪም አሠራ። ነገሩ የቅርብ ከሆነ ኤችአይቪ የለብህም ቢሉህም ከ3 ወር በኋላ ድገመው።

አሁን የሚከብደው። ልጅቷ። ስሟን አልጠይቅህም። የአባላዘር በሽታ ከሆነ እሷም መታከም አለባት፤ አለዚያ አንተ ድነህ ከእሷ መልሰህ ትወስደዋለህ። ክላሚዲያ ሴት ላይ ብዙ ጊዜ ምልክት አያሳይም፤ ሳይታከም ከቆየ ግን ልጅ እንዳትወልድ ሊያደርጋት ይችላል። "ማን አመጣው" የሚለውን ጠብ ተወው። ሳይታወቅ ወራት ሊቆይ ስለሚችል በመጨቃጨቅ አይገኝም። ሁለታችሁም መድኃኒቱን ጨርሳችሁ ሐኪሙ እስኪፈቅድ ድረስ ደግሞ ትንሽ ታገሱ።

እኔ ያኔ መርፌዬን ተወግቼ መኪናዬ ላይ ወጣሁ፤ ሄድኩ። ያቺ ልጅ ትታከም አትታከም እስከ ዛሬ አላውቅም። ሚሌ በተጠራ ቁጥር ትዝ ትለኛለች።

ለምርመራ የሚሆን ትንሽ ብር በቴሌብር ልኬልሃለሁ። እናትህ ምን ሆኖ ነው ብላ ስትይዘኝ "ሆዱን ነው" አልኳት። ስለዚህ ቃሪያ እንዳትበላ ብላሃለች፤ ስትደውልልህ እሺ በላት።

አባትህ