የፊዚክስ ክበብ፦ በጥላ ውስጥ ብርሃን ፍለጋ

ክበባችን ዘንድሮ እዚህም እዚያም ከመርገጥ አንድ ሰው ተከትሎ መሄድን መረጠ፤ ፈረንሳዊውን ኦጉስታን ፍሬኔልን። ፍሬኔል በሙያው የመንገድ መሐንዲስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1815 ናፖሊዮን ከተጋዘባት ከኤልባ ደሴት ሲመለስ ተቃውሞ በመቆሙ ከሥራው ታገደና ኖርማንዲ ውስጥ ማትዩ በምትባል መንደር እናቱ ቤት ተቀመጠ። ያኔ ዕድሜው 27 ነው። ብርሃን ሞገድ ነው የሚለው ሐሳብ ቀድሞም ያብሰለስለው ነበር፤ በሙከራ መፈተን የቻለው ግን በዚያ የግዳጅ ዕረፍት ነው።

ደህና መሣሪያ አልነበረውም። የመንደሩ ቁልፍ ሠሪ አንዳንድ ነገር ሠራለት፤ በሌንስ ፋንታ የማር ጠብታ ተጠቀመ። የፀሐይን ብርሃን በጠብታዋ አሳልፎ ወደ ጥቃቅን ነጥብ ካሰባሰበ በኋላ ከፊቱ ቀጭን ሽቦ አቁሞ ጥላውን መረመረ። ከጥላው ውጭም ውስጥም የብርሃንና የጨለማ መስመሮች ታዩት።

ተማሪዎቹን ከሁሉ በላይ የያዛቸው ቀጥሎ ያደረገው ነው። በሽቦው አንድ ጠርዝ ላይ ወረቀት ለጠፈ፤ በጥላው ውስጥ የነበሩት መስመሮች ወዲያው ጠፉ። በሌላው ጎን ብርሃኑ እንደ ወትሮው እያለፈ ነው። እንግዲህ መስመሮቹ የሚወለዱት የግራውና የቀኙ ብርሃን ሲገናኙ ነው ማለት ነው። እኛም በሌዘርና በመርፌ ደገምነው። በመርፌዋ ጥላ መሀል የቆመው ቀይ መስመር ወረቀቱ ሲጠጋ እልም፣ ወረቀቱ ሲነሳ ብቅ ይላል። ተማሪዎቹ እየተቀባበሉ ወረቀቱን ሲያስጠጉና ሲያርቁ ደወሉን የሰማ አልነበረም።

እንግሊዛዊው ቶማስ ያንግ ተመሳሳይ ነገር ቀደም ብሎ አሳይቶ ነበር፤ ፍሬኔል ግን ዝርዝሩን ያወቀው በኋላ ከፈረንሳዊው የፊዚክስ ሊቅ ከአራጎ ነው። ያንግ ያልነበረውን ስሌት ጨመረበትና በ1818 ለፈረንሳይ ሳይንስ አካዳሚ ውድድር አቀረበ። ከዳኞቹ አንዱ ፑዋሶን ብርሃን ቅንጣት ነው ባይ ነበር። «ስሌቱ እውነት ከሆነ በክብ ነገር ጥላ መሀል ብሩህ ነጥብ መታየት አለበት» ሲል ሊያፈርሰው ሞከረ። አራጎ ቢሞክረው ነጥቡ ተገኘ፤ ሽልማቱም በ1819 ለፍሬኔል ሆነ። እኛም በመስታወት ላይ በለጠፍናት የኩሽኔታ ኳስ አይተነዋል። ነጥቡ ዝነኛ ነው፤ ለእኔ ግን ያች ቁራጭ ወረቀት ትበልጣለች፤ ጥያቄውን ራሱ ፍሬኔል ጠይቆ ራሱ የመለሰው በእሷ ነውና።

በመጪው ዓመት ወደ 1821 እንሻገራለን፤ የብርሃን ንዝረት ከሚሄድበት አቅጣጫ ወደ ጎን ነው ወዳለበት ሥራው። በአንድ አቅጣጫ የሚነዝረውን ብርሃን ብቻ የሚያሳልፉት ፖላራይዘሮች ቤተ ሙከራ ገብተዋል።