ሐዲዱን ተከትላ የምትሮጠው አያትሽ

ልጄ፣ እንዴት ነሽ? እኛ ደህና ነን፤ ሙቀቱ ብቻ ነው ያስቸገረን።

ባለፈው በአዲሱ ባቡር ስትመጪ የኤረርን ጣቢያ ሳላይ አለፍኩ ስትዪኝ ሳቄ መጣ። ተኝተሽ ነበራ! በእኛ ጊዜ ኤረርን ተኝቶ የሚያልፍ ሰው አልነበረም። የሻጩ ጩኸት የት ያስተኛል?

በየበረሃው ያ ሁሉ ጣቢያ ለምን ተሠራ ብለሽኛል። አንዱ ምክንያት ውሃ ነው። የድሮው ባቡር የሚሄደው በእንፋሎት ነበር፤ በየቦታው ቆሞ ውሃ መጠጣት አለበት። ጣቢያ ሲቆም ሠራተኛ ይመደባል። ለሠራተኛው ሻይ የምታፈላ ሴት ትመጣለች። ከዚያ ሱቅ፣ ከዚያ መንደር። ድሬዳዋ ራሷ የባቡር ልጅ ናት። ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ፈቃድ ሲሰጡ ሐዲዱ ሐረር ይገባል ተብሎ ነበር፤ ተራራው አስቸገረና በ1895 እዚሁ ሜዳው ላይ ደረሰ። ከዚያ ሐዲዱን የሚሠራው ኩባንያ ከሰረ። አዲስ አበባ ሲገባ 1909 ሆኗል።

አያትሽ ኤረር ጣቢያ ብርቱካን ትሸጥ ነበር። ባቡሩ የሚቆመው ለጥቂት ደቂቃ ስለሆነ መጀመሪያ ብርቱካኑን በመስኮት ታቀብላለች፤ ሒሳቡ በኋላ ነው። ባቡሩ ሲንቀሳቀስ ሐዲዱን ተከትላ ትሮጣለች። ተሳፋሪው ስሙኒውን ይወረውርላታል፣ እኔ ከጠጠሩ መሃል እለቅማለሁ። ፊቱን የሚያዞርም ነበር። እሷ "ለመንገዱ ይሁነው" ብላ ትመለሳለች። እኔ ግን አንድ ባለ ነጭ ባርኔጣ ሰውዬ እስከ ዛሬ አልረሳሁም።

ከጅቡቲ የሚመጣው ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። "ፊናንስ መጣ!" ከተባለ፣ የጉምሩክ ፖሊስ ማለት ነው፣ ቀጭን የነበረችው ነጋዴ ጨርቁን ሁሉ ቀሚሷ ስር ከታ የዘጠኝ ወር እርጉዝ ሆና ትወርዳለች።

በ1977 አዋሽ አጠገብ ባቡር ተገልብጦ ከ400 በላይ ሰው አለቀ። ያን ሰሞን አያትሽ ብርቱካን ይዛ አልወጣችም። ሐዲዱም እያረጀ ሄደ፤ በ2000 አካባቢ የአዲስ አበባው ጉዞ ጭራሽ ቀረ። በ2009 የተመረቀው ያንቺ ባቡር ኤሌክትሪክ ነው። ውሃ አይጠማው፣ በየመንደሩ ምን ያስቆመዋል?

አምና ኤረር ሄጄ ነበር። ትኬት የሚቆረጥበት መስኮት ስር ፍየል ተኝታለች። ቁራጭ ሐዲድ የአንድ ሰው አጥር ቋሚ ሆኗል። ጥላው ላይ አንዲት ልጅ ብርቱካን ዘርግታ አገኘሁና ሁለት ኪሎ ገዛሁ። መልስ የላትም። "ተይው" ብያት ሄድኩ። ሚኒባሱ ሊነሳ ሲል ብሩን ዘርዝራ፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ እየሮጠች ደረሰችብኝ።

እናትሽ
ድሬዳዋ