ጭልፊቱ ክንፉን መታ

ወንድሜ እንዴት ነህ፣ ሰላም ነህ? ሦስት ዓመት ሙሉ ዝም አልኩህ። አባትህ ጋሼ ሲያርፉ ለቅሶ ሳልደርስ ቀረሁ፣ ከዛ ልደውል ስል ምን ብዬ እያልኩ ቀኑ እየሄደ እየሄደ እዚህ ደረሰ። ይቅር በለኝ፣ ምክንያት አልደረድርልህም።

አሁን ያስጻፈኝ በሞተር ክንፉን እንዲመታ አድርጌ የሠራሁት ወፍ ነው፣ ጭልፊት። ትዝ ይልሃል የጋሼን ቴፕ ፈተን ሞተሩን አውጥተን የካርቶን ክንፍ ያሰርንበት? ሁለት የባትሪ ድንጋይ ስናገናኝበት ካርቶኑ ዝም ብሎ ዞሮ ዞሮ ተበጫጨቀ። ሊገርፉን ነው ስንል ጋሼ አጠገባችን ቁጭ ብለው "መዞሩንማ ዞረ፣ እናንተ የፈለጋችሁት ከፍ ዝቅ እንዲል ነው" አሉን።

ባለፈው ክረምት ታክሲ ጋቢና ተቀምጬ የዝናብ መጥረጊያውን ሳይ ያቺ ንግግራቸው መጣችብኝ። ሞተሩ እኮ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚዞረው፣ መጥረጊያው ግን ይመላለሳል! በነጋታው ሶማሌ ተራ ሄጄ አንድ አሮጌ የመጥረጊያ ሞተር ገዛሁ፣ 12 ቮልት ነው፣ ውስጡ ጊር ስላለው በዝግታው ፍጥነት በደቂቃ ወደ 45 ጊዜ ነው የሚዞር፣ ለትልቅ ወፍ ልክ ነው። ክራንኩን፣ ማለት ከሞተሩ ጋር የሚዞረውን አጭር ክንድ፣ 3 ሳንቲ አደረኩት፣ እሱ በዘንግ የሚገፋውን ክንፉ ስር ያለውን ክንድ 5 ሳንቲ፣ እንደዛ ሲሆን ክንፉ 70 ዲግሪ ገደማ ይወዛወዛል። ክራንኩ ከክንዱ ከረዘመ ግን ቀጥ ብሎ ይይዛል፣ አይቼዋለሁ።

ያስቸገረኝ ሁለቱን ክንፎች በአንድ ክራንክ መንዳቱ ነው። ግራው ቀደም ይላል ቀኙ ይከተላል፣ ክንፉ የተሰበረ ወፍ ነው የሚመስለው፣ ሳየው ያመኝ ነበር። መፍትሄው እኩል የሆኑ ሁለት ጊሮች ጥርስ ለጥርስ ገጥሞ ተቃራኒ እንዲዞሩ ማድረግና ለየክንፉ የራሱን ክራንክ መስጠት ነው፣ አንዱ የሌላው መስታወት ይሆናል። መጀመሪያ ከፎቶኮፒ ማሽን የወጡ የፕላስቲክ ጊሮች ገጠምኩ ጥርሳቸው በአንድ ቀን ረገፈ፣ ከዛ ምናለሽ ተራ ብረት አገኘሁ። ክንፉ ሲወጣ ይከብደዋል ሲወርድ ይወድቃል፣ ለሱ ደግሞ ከብስክሌት የውስጥ ጎማ ላስቲክ ቆርጬ ወደ ላይ እንዲስበው አሰርኩለት፣ ወዲያው ለሰለሰ።

ከጫፍ ጫፍ 1.5 ሜትር ነው፣ የእውነተኛው ጭልፊት ያህል፣ አጥንቱ ቀርከሃ ቆዳው የጃንጥላ ጨርቅ። አይበርም፣ ተሰቅሎ ክንፉን ይመታል እንጂ። ቅዳሜ ግቢ ውስጥ ሳስነሳው የጎረቤት ዶሮ ጫጩቶቿን ሰብስባ አጥር ስር ገባች። ያኔ ነው ያለቀስኩት፣ ጋሼ ቢያዩት ብዬ።

የቴፑ ሞተር እስካሁን እኔ ጋ ነው፣ ሳልመልስላቸው ቀረሁ። ከትልቅ ፑሊ (መዘውር) ጋር በላስቲክ አያይዤ ፍጥነቱን ካወረድኩት የጭልፊቱን አንገት ያዞርልኛል። የአባትህ ነገር ነውና ሳልጠይቅህ አልገጥመውም። እሺ ትለኛለህ?