መሬቱ ሳይቆፈር

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፤ ብቸና

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እናቴስ እንደምን አለች? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ፤ ልጆቹም ደኅና ናቸው። ይህን ደብዳቤ በስልክ የላክሁት ለወንድሜ ልጅ ነው፤ ቁጭ ብሎ ያንብብልዎ። (አንተ ደግሞ አያትህን ያስቆጣል ያልኸውን እየዘለልህ እንዳታነብ። ሳል ሳል ካለህ ያውቁብሃል።)

የአዲሱ ቤት ቦታ ካርታ መውጣቱን ስሰማ እልል ነው ያልሁት። ድንጋዩም መራገፉን ነግረውኛል። «ከጥምቀት በኋላ ቆፋሪ አስገባለሁ፣ ለሰኔ ሚካኤል ቆርቆሮው ይመታል፣ ሌላው እየተሠራ ይታያል» ያሉትን ግን ሳወጣ ሳወርድ ሰነበትሁ። ክረምት ሳይገባ ጣራ ማልበስ ልክ ነው፣ በዚያ አልከራከርዎትም። ያልተስማማኝ «እየተሠራ ይታያል» የሚለው ነው። ቀለሙ፣ ኮርኒሱ፣ የበሩ ዓይነት እየተሠራ ይታይ። መሬት ውስጥ የሚቀበረውና በግድግዳ ውስጥ የሚያልፈው ግን ዶማ ሳይነሣ በወረቀት መቆረጥ አለበት።

የምሠራበት የሕንጻ መሣሪያ መደብር ይህንን በየዕለቱ ያሳየኛል። ሰው መጀመሪያ መጥቶ ሲሚንቶና ፌሮ ይገዛል። ከርሞ ያው ሰው የግራይንደር ዲስክ ሊገዛ ይመጣል። ምን ሊቆርጡ ነው ስል፣ ልስኑ አልቆ ቀለም ከተቀባ በኋላ ለመብራት ቱቦ ወይም ለቧንቧ ግድግዳ ሊሰነጥቅ ነው። ያሰበበት ሰው አንዴ በሚገዛው ቱቦ ያልፋል፤ ያላሰበው ዲስክ፣ ሲሚንቶ፣ ቀለምና የሠራተኛ ቀን ይከፍልበታል።

ስለ አፈሩ እኔ ለእርስዎ አልነግርዎትም፤ ዕድሜዎን ሙሉ ያረሱት ዋልካ ነው። ጥር ላይ እግር የሚውጥ ስንጥቅ ይከፍታል፣ ሐምሌ ላይ አብጦ ይዘጋል። ቤት ሲቀመጥበትም ያው ነው፤ በክረምት ወደ ላይ ይገፋዋል፣ በበጋ ይከዳዋል። ግድግዳው ከመስኮቱ ጥግ ተነሥቶ በሰያፍ ይሰነጠቃል። የድሮው ጭቃ ቤታችን ይህን ይችለው የነበረው እንጨቱ ስለሚለመጥ ነው፤ የተሰነጠቀውንም እናቴ በጭቃ ትመርገው ነበር። ብሎኬት አይለመጥም። ግንበኛው «አንድ ሜትር ይበቃል» ብሏል አሉ። ይበቃ ይሆናል፣ ግን ላዩን አይቶ ሊያውቀው አይችልም። ስለዚህ ከሁሉ በፊት በቦታው ጥግ አንድ የሙከራ ጉድጓድ ያስቆፍሩ፤ ጥቁሩ አፈር የት ላይ እንደሚያልቅ ይታይ። ቅርብ ከሆነ መሠረቱ ጠንካራው ላይ ይወርዳል። ጥልቅ ከሆነ ምን ያህሉ ተነሥቶ በገረገንቲ (በጠጠራማ አፈር) ተጠቅጥቆ እንደሚሞላ፣ ኮለኖቹም (የአርማታ ምሰሶዎቹ) ከታች በሚያያይዛቸው የአርማታ ማሰሪያ፣ በምን ዓይነት ግሬድ ቢም እንደሚታሰሩ መሃንዲስ ይወስን። ዋናው ቁፋሮ ደግሞ ድንጋዩ፣ አሸዋውና ፌሮው ሁሉ ቀርቦ ይጀመር። ተቆፍሮ አፉን ከፍቶ የከረመ ጉድጓድ ውሃ ጠጥቶ ነው የሚጠብቅዎት።

ውሃ ካነሣሁ አይቀር የጣራውን ነገር ልናገር። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ጣራ ላይ 1 ሊትር ነው። 100 ካሬ ቆርቆሮ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ቢጥል 2,000 ሊትር ውሃ ከክፈፉ ወርዶ ግድግዳው ሥር ይገባል ማለት ነው፤ ያውም ዋልካ ውስጥ። አሸንዳ የሀብታም ጌጥ አይደለም። ውሃው በአሸንዳ ተሰብስቦ ወደ ሮቶ፣ የተረፈው ወደ መንገዱ ቦይ ይሂድ፤ በቤቱ ዙሪያም ወደ ውጭ ያዘነበለ የሲሚንቶ መራመጃ ይኑር። ለጥላ ይቆዩ ያሏቸው ባሕር ዛፎችም ለቤቱ በጣም ቀርበዋል። በበጋ ከመሠረቱ ሥር ውሃ እየሳቡ አፈሩን ያኮማትሩታል። አሁኑኑ ይቆረጡና አጠናው ለመወጣጫ ይሁን፤ ከመግዛትም ያድናል።

ወንድሜ «ኋላ ፎቅ ይጨመርበታል፣ ፌሮው ከላይ ይተው» ማለቱን ሰማሁ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር! ፎቅ የሚሸከመው ከጣራ በላይ የቆመ ፌሮ ሳይሆን ከታች ያለው መሠረትና ኮለን ነው። ከፈለገ አሁን ለሁለት ቤት ክብደት ተሰልቶ ይሠራ፣ ገንዘቡንም እሱ ያምጣ። ካልሆነ ዝናብ ላይ ለሚዝግ ብረት አንከፍልም።

አሁን የሚያስቆጣዎት ላይ ደረስሁ። በላኩት ሥዕል ሳሎኑ ግማሹን ቤት ይዞታል፣ መኝታው ከኋላ ነው፣ ሽንት ቤቱ ደግሞ ግቢውን ተሻግሮ አጥር ጥግ። ስለ እርስዎ ጉልበት ምንም አልልም። ስለ እናቴ ልበል። ባለፈው ፋሲካ ወደ ቤት ስትገባ መቃኑን ይዛ፣ አንድ እግሯን አስቀድማ፣ ቆም ብላ ተንፍሳ ነው ሁለተኛውን ያነሣችው። ሌሊት በጭቃ ግቢ አቋርጣ የምትሄድበት ሽንት ቤት አይሠራላትም። ከመኝታችሁ ጋር የተያያዘ፣ ቁጭ የሚባልበት መቀመጫ ያለው፣ በሩ 90 ሴንቲ የሆነ ይሁን። አልጋ የያዘ ሰው በቃሬዛ ቢወጣ እንኳ የሚያሳልፍ በር ማለቴ ነው። ከመቀመጫው ጎን ተይዞ የሚነሣበት ብረት ይተከላል። ብሎኬት ውስጡ ባዶ ስለሆነ ቡሎን አይዝም፤ ብረቱ የሚገባበት ቦታ ብሎኬቱ ሲደረደር በአርማታ እንዲሞላ ለግንበኛው አስቀድሞ ይነገረው። ይህ ሲሠራ ከጥቂት አካፋ አርማታ በላይ አይፈጅም።

ወለሉ ከዝናቡ የተነሣ ከግቢው 45 ሴንቲ ከፍ ማለቱ ጥሩ ነው። ግን ከደረጃው ጎን ዘንበል ያለ መውጫ ይኑረው። ለ1 ከፍታ 12 ርዝመት ቢሰጠው አያደክምም፤ ለ45 ሴንቲ 5 ሜትር ከ40 ይፈልጋል። ይህን ያህል ቦታ ከበረንዳው ፊት ካሁኑ ካልተተወ ኋላ ከየትም አይመጣም። የሽንት ቤቱ ቧንቧም ለ1 ሜትር 2 ሴንቲ ያህል እየወረደ መሄድ አለበት። ሴፕቲክ ታንኩ 12 ሜትር ቢርቅ 24 ሴንቲ ዝቅ ይላል። ቧንቧው መሠረቱን አቋርጦ ስለሚወጣ በየት በኩል በምን ጥልቀት እንደሚያልፍ ድንጋዩ ሳይደረደር ይታወቅ።

ሳሎኑን ትልቅ ያደረጉት ለማኅበሩ እንደሆነ ገብቶኛል። የሚካኤል ተራ ሲደርስዎ እንግዳ በር ላይ ቆሞ እንዲጠጣ አይፈልጉም። ግን በወር አንዴ እንኳ ለማይሞላ ክፍል ሴራሚክ ከማንጠፍ፣ ሳሎኑ መጠነኛ ሆኖ ወደ ግቢው ሰፊ ሁለት ተካፋች በር ይኑረው። ድግስም ለቅሶም ሲሆን ዳሱ ከዚያው ተያይዞ ይጣላል፤ ሳሎኑና ዳሱ አንድ ቤት ይሆናሉ።

ማድ ቤቱን የት ይሁን ብለው እናቴን ጠይቀዋታል? አይመስለኝም። ጢሱ ወደ መኝታ እንዳይመጣ ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ጋኗን የት እንደምታስቀምጥም ትናገር። የኤሌክትሪክ ምጣድም ይገባል፤ እሱ ብቻውን ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ስለሚስብ ወፍራም ሽቦ ያለው የራሱ መስመር ከቆጣሪው ሳጥን ይሳብለት። ከአምፖል መስመር ላይ ከተቀጠለ ሽቦው ይግላል።

ሲሚንቶ ረክሷል ብለው ካሁኑ እንዳያከማቹ። ሦስት ወር ያለፈው ሲሚንቶ ኃይሉ ይቀንሳል፣ እርጥበት ካገኘው ይጓጉላል። ፌሮ ከተገዛ ግን ከመሬት ከፍ ብሎ ተሸፍኖ ይቆያል። ግንበኛው አበልጅዎ ነው፤ አበልጅነቱ እንዳለ ሆኖ ውሉ በምስክር ይጻፍ። ክፍያው ለመሠረት፣ ለግድግዳ፣ ለጣራ፣ ለልስን ተከፋፍሎ ይሰጠው። አርማታ በተሞላ ቁጥር ቢያንስ ሰባት ቀን ውሃ ማጠጣት የማን ሥራ እንደሆነም ውሉ ላይ ይግባ፤ ሁልጊዜ የሚረሳው እሱ ነው። ካለዎት ገንዘብ ከመቶ 10 እስከ 15 እጁ ላልታሰበ ነገር ይቀመጥ፤ እኔ የምልከውም እዚያው ላይ ይደመር።

አሁን የምለምንዎት ይህን ነው። ልጁ ቦታውን በሜትር ለክቶ አራቱንም ጎን ይጻፍልኝ። የመንገዱ ቦይ በየት በኩል እንደሆነና መሬቱ ወዴት እንደሚያዘነብል ፎቶ ያንሣ። የሙከራ ጉድጓዱንም ከነጥልቀቱ ያሳየኝ። የእናቴን ቃል እንዳለ ይጻፈው፣ አያሳጥረው። እዚህ ፕላኑን የሚሠራልኝ መሃንዲስ አነጋግሬያለሁ፤ ፕላኑ ሲያልቅ ለማዘጋጃ ቤቱ ፈቃድ እልክልዎታለሁ። ፈቃዱ የሚወጣው የካቲት ካለቀ በኋላ ከሆነ ግን ሐሳቤ ይህ ነው፦ ዘንድሮ አጥሩንና ማድ ቤቱን እንሥራ፣ ዛፎቹ ይቆረጡ፤ ትልቁ ቤት ጥቅምት ላይ ይጀመር። ድንጋዩ እንደሆነ ክረምቱን ውጭ ቢያድር ምንም አይሆን።

እናቴን ጉልበቷን ሳሙልኝ። ተቆጥተው ከሆነ በስልክ ይቆጡኝ፤ ማታ ማታ ኔትወርኩ ይሻላል።

ልጅዎ፣ ከባሕር ዳር