ሴት አኩሪዋን ዛሬ ከፈልኳት

ውድ ሂሩትዬ፣

እንዴት ነሽ? ስድስት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ እንዲህ ብዬ መጀመሬ ራሱ ያሳፍረኛል። የመጨረሻው ደብዳቤሽ መልስ ሳያገኝ መሳቢያዬ ውስጥ ተቀምጧል። ዛሬ ነገ ስል ወራት አለፉ፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ሀፍረቱ ያዘኝ። ይቅር በይኝ።

ዛሬ ሴት አኩሪዋን፣ ያችን ካና የምትባለውን አበባ፣ ስቆፍር ዋልኩና አላስችል አለኝ። ስትሄጂ በጋዜጣ ጠቅልለሽ የሰጠሽኝን የካና ሥር ታስታውሻለሽ? ዝንጅብል የሚያህል፣ ሁለት ዓይን፣ ማለት ቡቃያ የሚወጣበት ጉጥ፣ ብቻ ያለው ቁራጭ ነበር። አሁን ብታያት! ዶማው ከጎኗ ሲገባ ንቅንቅ አላለችም። ዙሪያዋን ቆፍሬ፣ በሁለት እጄ ይዤ ስወዘውዛት ቆይቼ በመከራ ወጣችልኝ። ሥሩ አንዱ በሌላው ላይ ተደራርቦ መሃሉ አርጅቷል። ዳር ዳሩ ግን ነጭ ነው፣ ቡቃያው ጫፍ ላይ ሐምራዊ። በየ3 ወይም በየ4 ዓመቱ ሥሯን መከፋፈል ነበረብኝ። ባለፈው ዓመት አበባዋ ያነሰብኝ ለካ ቦታ ጠቧት ነው።

መጀመሪያ ላይ ደግሞ በድያታለሁ። የዛፍ ጥላ ሥር ነበር የተከልኳት። ቅጠሏ እንደ ኮባ ሰፊ ሆኖ ቁመቷ ቢመዘዝም አንድ አበባ አላየሁም። ነቅዬ ወደ ፀሐይ ባወጣኋት ዓመት አበበች። በቀን ቢያንስ ስድስት ሰዓት ፀሐይ ትፈልጋለች። ሆዳምም ናት፤ የበሰለ ፍግና ውኃ አይበቃትም። አፈሩ ሲደርቅ ቅጠሏ ወዲያው ዳሩ ይጠወልጋል።

ሌላው ጥፋቴ አለመቁረጤ ነበር። ያበበ ግንድ ላይ ቢላ ማሳረፍ ልቤ እሺ አይልም። ግን አንድ ግንድ አበባውን ከጨረሰ ሥራው አበቃ። መጀመሪያ የደረቀውን ዘለላ ብቻ አነሳለሁ፣ ከሥሩ ሌላ እንቡጥ ብቅ ሊል ይችላልና። እሱም ካለቀ ግንዱን ከመሬት እቆርጠዋለሁ። ያኔ ከጎን ያሉት አዳዲሶቹ እንዴት እንደሚነሱ ብታዪ!

አንድ ቀን ደግሞ አንድ አበባ ቀጥፌ መስኮቱ ጋ ተቀመጥኩና ፈታታሁት። ያ ቀዩ፣ እንደ ሐር የሚንሸራተተው፣ የአበባው እውነተኛ ቅጠል አይደለም። እውነተኞቹ ከኋላ ያሉት ሦስት ቀጫጭኖች ናቸው፣ ልብ የማይባሉት። ቀዩ የመከነ የወንዴ ክፍል ነው፤ ተለውጦ ለጌጥ ሆኗል። ከሁሉም አንዱ ብቻ፣ እሱም በግማሹ፣ ጠርዙ ላይ የአበባ ዱቄት የያዘ ቀጭን ከረጢት አለው። ለዚህ ነው አበባዋ ግራና ቀኟ የማይመሳሰለው። ሊሊ ይሏታል እንጂ የሊሊ ዘርም አይደለችም፤ ለዝንጅብል፣ ለሙዝና ለእንሰት ትቀርባለች። ቅጠሏን አይተሽ ኮባ ያልሽው ልክ ነበርሽ።

አንድ ያስለቀሰኝ ነገር አለ። ከአንድ ችግኝ ሻጭ ሌላ ካና ገዝቼ አጠገቧ ተከልኩ። ቅጠሉ ላይ በጅማቱ መካከል ቢጫ ሰረዝ ሰረዝ ነበረበት፤ ዝርያው ነው ብዬ ተውኩት። በእርግጥ በተፈጥሯቸው ሸንተረር ያላቸው አሉ፣ ሸንተረሩ ግን እኩል ነው። የእኔው ዝብርቅርቅ ያለ፣ አዲሱ ቅጠል ላይ ደግሞ የሚጨማደድ ነበር። ቫይረስ ነው። መድኃኒት የለውም። ከነሥሩ ነቅዬ አስወገድኩት። ያንቺዋ ተረፈች፣ ተመስገን። ዛሬም ከእያንዳንዱ ቁራጭ በኋላ ቢላዬን አጥቤያለሁ፣ በሽታው በቢላ ይተላለፋልና። ዋግ ግን ያን ያህል አያስፈራም። ከቅጠሉ ሥር ብርቱካናማ ዱቄት ካየሽ ያንን ቅጠል ቁረጪና አርቀሽ ጣዪው፣ ውኃም ከላይ ሳይሆን ከሥር አጠጪ።

ሦስት ቁራጭ ለይቼልሻለሁ። እያንዳንዱ ሦስት ሦስት ዓይን አለው። የተቆረጠው ፊቱ እስኪደርቅ ጥላ ውስጥ አስጥቻቸዋለሁ፣ ነገ ደረቅ አሸዋ ውስጥ እቀብራቸዋለሁ። ስትተክያቸው ዓይናቸው ወደ ላይ ይሁን፤ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ይግቡ፣ በመካከላቸው 50 ተዪ። አንቺ ያለሽበት ውርጭ ይጥል የለ? ቅጠሏን ውርጭ ሲያጠቁረው ሥሯን አውጪና ውርጭ በማይደርስበት ጨለማ ቦታ አቆዪያት። ሲሞቅ መልሺያት።

ዘሯንም እልክልሽ ነበር፣ ግን ጥቁርና እንደ ጥይት ጠጣር ነው፤ ቅርፊቱን በሞረድ ፍቀሽ ቢያንስ አንድ ቀን ውኃ ውስጥ ካልነከርሽው ሞቶ የቀረ ነው የሚመስልሽ። ደግሞ ከዘር የሚበቅለው እናቱን ላይመስል ይችላል። ሥሩ ይሻላል፤ ያችው ራሷ ናት።

አድራሻሽ ያው ነው? እስክትጽፊልኝ አሸዋው ውስጥ ናቸው።

ያንቺው፣
የድሮ ጎረቤትሽ