ደብዳቤ ለልጄ፦ አባትሽ ያልበረረባት ምሽት

የኔ ልጅ፣ ሰላምሽ ይብዛ። እኛ ጌታ ይመስገን ደህና ነን። ጁባ ክረምቱ ገብቷል።

ደብዳቤሽን አባትሽም አንብቦት "አንቺ መልሺላት" አለኝ። ምጥ የጠናባትን ሴት ለማምጣት ማታውኑ በአውሮፕላኑ አለመሄዱ እምነት ማጣት አይደለም ወይ ብለሻል። ሬዲዮው አጠገብ የነበርኩት እኔ ነኝና ልንገርሽ።

የዚያ መንደር የአውሮፕላን ማረፊያ ዋልካ ነው። ከቀትር ጀምሮ ሲዘንብበት ውሏል። መብራት የለውም፣ ፀሐይዋም ልትጠልቅ ነው። አባትሽ የጤና ሠራተኛውን "መሐል ሜዳው ላይ ስትራመድ እግርህ እስከ የት ይገባል?" ብሎ ጠየቀው። "እስከ ቁርጭምጭሚቴ" አለ። የፊት ጎማው እዚያ ጭቃ ውስጥ ከተቀረቀረ ካራቫን የምንለው አውሮፕላናችን በአፍንጫው ይደፋል፣ ፕሮፔለሩም መሬት ይመታል። አባትሽ ትንሽ ዝም አለና "ዛሬ አልችልም። ጠዋት ደግመህ ርገጥልኝና ንገረኝ" አለው። ራቱን ሳይቀምስ አደረ። በማግስቱ ረፋድ ላይ ፀሐይና ነፋስ መሬቱን ሲያጠነክሩት ሄዶ አመጣት። እሷ ተረፈች፤ ልጇ ግን ሆዷ ውስጥ ሞቶ ነበር።

ይህ እስከዛሬ ያመዋል። ቢሆንም እላለሁ፦ ልክ ነበር። በዝናብ ወራት ለእነዚያ መንደሮች መኪና የሚባል ነገር የለም። ክትባቱም፣ አስተማሪውም፣ በሽተኛውም የሚመላለሱት በዚያችው አውሮፕላን ነው። ያን ምሽት ጭቃ ውስጥ ብትቀር ኖሮ ለእሷም አንደርስላት፣ ከእሷ በኋላ ለሚጠሩንም አንደርስ። ዲያብሎስ ጌታን ከመቅደስ ጫፍ "ራስህን ወርውር፣ መላእክት ይሸከሙሃል" ሲለው የመለሰለትን ታውቂያለሽ፦ ጌታን አምላክህን አትፈታተነው።

በቤተ ክርስቲያን ስለ ሚስዮናዊው አብራሪ ስለ ኔት ሴይንት ሲነገር የሚነሳው እ.ኤ.አ. በጥር 1956 ኢኳዶር ውስጥ ከአራት ጓደኞቹ ጋር በጦር መገደሉ ነው። ያው ሰው ግን ነዳጅ ቢቋረጥ ሞተሩ አየር ላይ እንዳይጠፋ ተጠባባቂ የነዳጅ መስመር ለመሥራት ብዙ የደከመ ነበር። ለመሞት የቸኮለ ሰው አልነበረም። ለወጣቶቻችሁ ይህኛው ወገኑም ቢነገር ደስ ይለኛል።

እኔም ብሆን መፍራቴ አልቀረም። አባትሽ ሲበር በየግማሽ ሰዓቱ በሬዲዮ "ኦፕሬሽንስ ኖርማል"፣ ሁሉ ደህና ነው ማለቱ ነው፣ ይላል፤ ሰዓቱ ካለፈ ወጡን ከእሳት አውርጄ ሬዲዮው ዘንድ እቀመጣለሁ። ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ደመና መዞር ወይም ማረፊያው ላይ ከብት መግባት ነው፤ ዝቅ ብሎ አልፎ ካላባረራቸው አያርፍም። ድምፁን እስክሰማ ግን እጄ ሥራ አይዝም። በዚያች ምሽት "አልችልም" ያለው ሰው የእኔ ባል በመሆኑ እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ።

አብራሪ ልሁን ማለትሽን በጸሎት ይዘነዋል። ለሴት ይከብዳል የሚልሽ ካለ፣ የሚስዮን በረራ ድርጅቱን የሚሽን አቪዬሽን ፌሎሺፕን የመጀመሪያ በረራ እ.ኤ.አ. በ1946 ወደ ሜክሲኮ ያደረገችው ቤቲ ግሪን ሴት እንደነበረች ንገሪው። አባትሽ "በጥገናው ትጀምር፤ ሞተሩን በእጇ ፈታ የገጠመች መቼ እንደማትነሳ ታውቃለች" ይላል። እኔም እስማማለሁ።

ሆሳዕና ወርደሽ አያትሽን ጠይቂያት፤ ስለ አባትሽ ስትጨነቅ ነው የምትውለው። ዓይንሽንም ተመርመሪ፣ ለማመልከቻው ይጠይቁሻል። ውጤቱን ጻፊልን።

እናትሽ