መላኪያውን ከመጽሐፉ ዋጋ ጋር አትሰብስቡ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። ወጣት ሠዓሊዎች አሳታሚ ደጅ ሳይጠኑ፣ ከአንባቢ በቀጥታ ገንዘብ አሰባስበው መጽሐፋቸውን ማሳተም እንደሚችሉ የሚያበረታታ ጽሑፍ ሰሞኑን አውጥታችኋል። ደስ ብሎኝ ነው ያነበብሁት። ግን ጽሑፉ ገንዘቡ ሲሞላ ያልቃል። ዋናው ሥራ ደግሞ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው። ደብረ ማርቆስ ውስጥ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አለኝ። የእህቴ ልጅ አምና ስለ በላይ ዘለቀ ኮሚክ፣ ማለትም በሥዕል የሚተረክ መጽሐፍ፣ ሠርቶ ሲያሳትም ሱቄ መጋዘን ሆነ፣ እኔም ማንም ሳይቀጥረኝ ዕቃ አስረካቢ ሆንሁ። ስለዚህ ሥዕሉን ትቼ ስለ ካርቶኑ ልናገር።

የምለው አንድ ነገር ነው። የመላኪያ ገንዘብ ከመጽሐፉ ዋጋ ጋር አብራችሁ አትሰብስቡ። መጽሐፉ ይታተም፣ ይመዘን፣ ሰውየውም ያኔ የት እንዳለ ይጠየቅ። ከዚያ ብቻ የመላኪያውን ንገሩት።

ልጁ እንዲህ አላደረገም። ቴሌግራም ላይ «መላኪያን ጨምሮ» ብሎ አንድ ዋጋ ለጠፈ። ደብረ ማርቆስ ሱቄ በር ላይ ለሚወስደውም፣ ሞጣ ላለውም፣ ጅማ ላለውም ያው ነው። እኔ በጊዜው ተናግሬ ነበር፣ «ጋሼ፣ አሁን እንዲህ ነው የሚሠራው» አለኝ። እውነቱን ለመናገር ለማስታወቂያ ያምራል። ሰው የሚከፍለውን በአንድ ቁጥር ሲያየው ቶሎ ይወስናል። ችግሩ ቁጥሩ የተለጠፈው መጽሐፉ ገና ግማሹ ሳይሣል መሆኑ ነው። በመሰብሰብና በመላክ መካከል ያለው ጊዜ እኮ ትንሽ አይደለም። ሥዕል ይዘገያል፣ ማተሚያ ቤት ወረፋ አለ፣ በዓል ይገባል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ደግሞ ዋጋ ዝም ብሎ አይጠብቅም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ከዚያ በፊት ገንዘብ ሰብስቦ ገና ያላሳተመ ሰው የወረቀት ዋጋ ሲሰማ ምን እንደተሰማው መገመት አያስቸግርም፣ ወረቀቱም ቀለሙም ከውጭ ነው የሚመጣው። በ2017ም ነዳጅ ከአንድ ጊዜ በላይ ጨመረ። ነዳጅ ሲጨምር የአውቶቡስ ዕቃ ማስጫኛ አብሮ ይጨምራል። ያዋጣው ሰው ግን «ጨርሻለሁ» ነው የሚለው። ልክ ነው፣ ጨርሷል። ልዩነቱን የሚሸፍነው የሠዓሊው የእጅ ዋጋ ነው።

ክብደትም አለ። ይሄን ብዙ ሰው አያስበውም። አንድ ኤ4 ወረቀት የካሬ ሜትር አንድ አሥራ ስድስተኛ ነው። 48 ገጽ ማለት 24 ቅጠል ነው። ውስጡ በ115 ግራም ወረቀት (ግራሙ የአንድ ካሬ ሜትር ክብደት ነው)፣ ሽፋኑ በ300 ግራም ከታተመ አንዱ መጽሐፍ 210 ግራም ይሆናል። መቶው 21 ኪሎ ነው። አሁን ማተሚያ ቤቱ «115 አልቋል፣ 135 አለ፣ እንዲያውም ያምራል» ቢላችሁስ? ይሄ ሁሌም ያለ ነገር ነው። ያው መጽሐፍ 240 ግራም ገባ፣ መቶው 24 ኪሎ ሆነ። ሦስት ኪሎ ምን አላት አትበሉ። አየር መንገድ ለአንድ ሻንጣ የሚፈቅደው 23 ኪሎ ነው፤ ውጭ አገር ላሉ አንባቢዎች በሰው የምትልኩ ከሆነ ሦስቷ ኪሎ ሌላ ሻንጣ ማለት ናት። ከመታተሙ በፊት የተሰበሰበ መላኪያ ይሄን ሁሉ ከየት ያውቀዋል?

ወደ መዝገቡ ልምጣ። እዚህ ላይ ቆም ማለት አለብኝ፣ ብዙ ሰው የሚጣላው በዚህ ነው። ገንዘቡ በቴሌብርም በባንክም ይገባል። ቴሌግራም ላይ «ንስር» የሚባለው ልጅ የላከው ገንዘብ በእናቱ ስም ነው የሚመጣው። ስክሪንሾት ይልካል፣ ስክሪንሾቱ ከሌላ መቶ ስክሪንሾት ሥር ይቀበራል። ስም እየፈለግሁ አገኛለሁ ካላችሁ ደግሞ ፊደላችን አለላችሁ። አንዱ ኃይሌ ብሎ ይጽፋል፣ አንዱ ሀይሌ፣ አንዱ ሐይሌ። ለእኛ አንድ ሰው ነው፣ ለኮምፒውተሩ ሦስት። ፀሐይንና ጸሀይን ፈልጉና እዩት። ስለዚህ በስም አትመዝግቡ። እያንዳንዱን ትእዛዝ በክፍያው የግብይት ቁጥር መዝግቡ፣ ከሱ ቀጥሎ ስልክ። ስልኩንም ሁሉም በአንድ ዓይነት ይጻፍ፣ አንዱ በ0፣ አንዱ በ251 ከጀመረ መልሶ ያው ነው። ኤክሴል ደግሞ ከፊት ያለችውን 0 ይበላታል፤ አስቀድማችሁ ዓምዱን ጽሑፍ ነው በሉት። እኔ ከዚህም ሌላ በእጅ የተጻፈ ደብተር ይዣለሁ። ልጁ ይስቅብኛል። የሞባይል ኢንተርኔት በክልላችን ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ለብዙ ወራት ተዘግቶ እንደነበር ግን የምትረሱት አይመስለኝም፣ ያኔ ደብተር ያለው ሰው ሥራውን ይሠራ ነበር።

አድራሻ ሌላው ጣጣ ነው። እኛ ጋ አድራሻ ማለት «ከቴሌ ጀርባ፣ ሰማያዊ በር፣ ጠይቅ ያሳዩሃል» ነው። ፖስታ ሣጥን ያለው ሰው ጥቂት ነው፣ ያለውም የመሥሪያ ቤቱ ነው። ከዚያ ላይ ያዋጣው ብዙው ተማሪ ነው፤ ሲከፍል ቡሬ ነበር፣ መጽሐፉ ሲደርስ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ገብቷል፣ ሌላው ተመርቆ አዲስ አበባ ሥራ ይፈልጋል። በመክፈያው ቀን የተሰጠ አድራሻ በመላኪያው ቀን ግማሹ ወሬ ነው። አድራሻን መጽሐፉ ሱቅ ከገባ በኋላ ጠይቁ። መላኪያውን ያኔ የምታስከፍሉ ከሆነ ሁለቱን በአንድ ስልክ ትጨርሳላችሁ፣ ሰውየውም ገንዘብ ስለሚከፍልበት አድራሻውን አስቦ ይሰጣል።

እስከ ደጃፍ አደርሳለሁ ብላችሁም ቃል አትግቡ። በከተማ አንድ ቦታ ይበቃል። የመጽሐፍ መደብር፣ ካፌ፣ ሰው የሚያምነው ሱቅ፤ ባለቤቱን አንድ መጽሐፍ በነፃ ስጡት፣ ስም ዝርዝሩንም ስጡት። ዝርዝሩን ደግሞ በትእዛዝ ቀን ሳይሆን በመንገድ አስቀምጡት። ከማርቆስ አንዱ መስመር በአማኑኤል፣ ደምበጫ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ፣ እንጅባራ፣ ዳንግላ አድርጎ ባሕር ዳር ይገባል። ሌላው በደጀን ዞሮ ቢቸና፣ ደብረ ወርቅ፣ ሞጣ፣ አዴት ነው። ታሪኩ የበላይ ስለሆነ የቢቸና መስመር ትእዛዝ ይበዛ ነበር። አንዱ መንገድ ሲዘጋ፣ መዘጋቱ እንግዳ አይደለም፣ የሌላው መስመር ካርቶን ይቀጥላል፣ የተዘጋባቸውንም ሰዎች ለይታችሁ በዚያው ቀን ትነግሯቸዋላችሁ። ሰው መዘግየትን ይችላል። የማይችለው ዝምታን ነው። ሰው ሳይጠይቅ «መንገድ ተዘግቷል፣ መጽሐፍህ ሱቅ ነው፣ ስምህ ተጽፎበታል» ሲባል ተቆጥቶ የደወለ አላየሁም፤ ሳይነገረው የቀረ ግን «ሌቦች» ብሎ ይጽፋል፣ ያንን ደግሞ ሁሉም ያነባል።

ስለ ማሸግ በአጭሩ። ካኪ ፖስታ ብቻውን ለአውቶቡስ አይሆንም። ክረምት ላይ የላክነው አንድ ካርቶን ከአውቶቡስ ጣራ ላይ ተጭኖ ረጥቦ ደረሰ፤ የየትኛው ድርጅት እንደሆነ ይቅር። ረዳቱ «ወረቀት መሆኑን ማን ነገረኝ» አለ። ከዚያ ወዲህ መጽሐፉ በላስቲክ ይጠቀለላል፣ ካርቶኑ በማዳበሪያ ይሰፋል፣ በላዩም በትልቁ «መጽሐፍ ነው፣ ከውስጥ ይጫን» ተብሎ ይጻፋል። ፖስተር ለአዋጪዎች እንሸልማለን የምትሉ ደግሞ ተዉት። ፖስተር ተጠቅልሎ ነው የሚሄደው፣ ከመጽሐፍ ጋር አይገባም፣ ለብቻው ታሪፍ ይጠይቃል፣ ይታጠፋልም። መጽሐፉ ውስጥ የሚገባ ጠፍጣፋ ነገር ስጡ፣ ተለጣፊ፣ ትንሽ ካርድ፣ በቂ ነው።

ውጭ አገር ያለው ሌላ ወግ ነው። ኪክስታርተር የሚባለው ከሕዝብ ገንዘብ የሚሰበሰብበት የአሜሪካ ድረ ገጽ ኢትዮጵያ ሆኖ ዘመቻ ለሚከፍት ሰው አይፈቅድም፤ ታሪኩን ከልጁ ጋር የጻፈው የአጎቱ ልጅ አሜሪካ ስለሚኖር እሱ ከፈተው። ግቡ ካልሞላ ከማንም ሳንቲም አይቆረጥም፣ ከሞላ ድርጅቱ 5 በመቶ ይወስዳል፣ የካርድ ክፍያ ማስተላለፊያው ደግሞ 3 በመቶ ገደማ። ልብ በሉ፣ መላኪያውን በዘመቻው ውስጥ ከሰበሰባችሁ ይሄ ሁሉ ከመላኪያውም ላይ ይቆረጣል። 20 ዶላር መላኪያ ከተከፈለ 1 ዶላር ከ60 ያህሉ ፖስታ ቤቱን ሳያይ ይቀራል። ለዚህ ነው እዚያ ያሉ የኮሚክ ሰዎች ብዙዎቹ ዘመቻው ካለቀ በኋላ እንደ ባከርኪት ባለ አገልግሎት አድራሻ የሚሰበስቡት፣ መላኪያውንም ያኔ የሚያስከፍሉት። የአጎቱ ልጅ ይሄን ስለሚያውቅ የውጮቹን መላኪያ ለብቻ አደረገ። ዕድለኛ ነበር ማለት ይቻላል። ነሐሴ 23 ቀን 2017 ዓ.ም. አሜሪካ ከ800 ዶላር በታች የሆነ ዕቃ ያለቀረጥ የሚገባበትን ፈቃድ ለሁሉም አገር አነሣች። መጽሐፍ ራሱ ከዚያን ጊዜው አዲስ ቀረጥ ውጭ ነበር፣ ግን የብዙ አገር ፖስታ ቤቶች ግራ ገብቷቸው ወደዚያ የሚሄድ ጥቅል መቀበል ለጊዜው አቁመው ነበር። በፖስታ እንልካለን ብሎ አስቀድሞ ያስከፈለ ሰው ያን ሰሞን ምን ይመልስ ነበር? የኛው መጽሐፍ በሻንጣ ሄደ፣ እዚያው አገር ውስጥ ተላከ፣ ሰዎቹም የከፈሉት የዚያን አገር ውስጥ ዋጋ ብቻ ሆነ። እዚያ ለመጽሐፍ ሚዲያ ሜይል የሚባል ርካሽ ታሪፍ አለ፤ ማስታወቂያ ያለበት ኅትመት ግን አይሄድበትም። የጀርባ ሽፋናችሁን ለቡና ነጋዴ ማስታወቂያ ከመሸጣችሁ በፊት ይሄንንም አስሉት።

አሁን «ሰው ሁለቴ ክፈል ሲባል አይቆጣም ወይ» ለሚለው። አንዳንዱ ይቆጣል። ሁለተኛውን ቅጽ አሁን እየሰበሰብን ነው፣ ልጁም በመጨረሻ እሺ ብሎ «ይህ የመጽሐፉ ዋጋ ነው፣ መላኪያ መጽሐፉ ሲደርስ እንደ ከተማው ይነገራል፣ መጥቶ ለሚወስድ ምንም የለም» ብሎ ጽፏል። ጥቂት ሰዎች ተጨቃጭቀው ሄዱ። ማርቆስ ያሉት ግን ለጅማ ሰው ትራንስፖርት እየከፈሉ እንዳልሆነ ሲያውቁ ደስ አላቸው፣ የሞጣዎቹ ተማሪዎች ደግሞ አንድ ላይ ሆነው በአንድ ካርቶን እንዲላክላቸውና ዋጋውን እንዲካፈሉ ራሳቸው ጠየቁ። አንድ ዋጋ ለሁሉም ቢሆን ይሄን ማን ያስበው ነበር?

አንድ ነገር ደግሞ ለዕቃ ጫኞች። መናኸሪያ ላይ የካርቶን ዋጋ በዓይን ነው የሚገመተው። ያው ካርቶን ጠዋት አንድ ዋጋ፣ ከሰዓት ሌላ ዋጋ ነው፣ ሚዛንም የለም፣ ደረሰኝ ከተጠየቀ ፊት ይጠቁራል። በኪሎ የተጻፈ ታሪፍ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። እኛም ለአንባቢ የምንነግረው ቁጥር ይኖረናል። ጋዜጠኛ ልካችሁ መናኸሪያዎቹን ብትጠይቁልን መልካም ነው፣ እኔ ስጠይቅ «አንተ ምን አገባህ» ነው የሚሉኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የጽሕፈት መሣሪያ ነጋዴ
ከደብረ ማርቆስ